ኮሃ ተጫነ፤ ሰውስ ማን ይመደብ?

ኦንላይን የመጻሕፍት ካታሎግ ሊጀምሩ ሲሉ ከሌሎች ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚደውሉልኝ የሙያ ባልደረቦቼ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ዕቃ ነው። ሰርቨሩ ምን ያህል አቅም ይኑረው፣ የትኛው ስሪት ይሻላል፣ የባርኮድ ማንበቢያውን ከየት ገዛችሁ ይሉኛል። የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በተራዬ «ማንን መደባችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ «አይሲቲ (የኮምፒውተር ክፍሉ) ይዞታል» ወይም «ያሉት ሠራተኞች ደርበው ይሠሩታል» ከሆነ እሰጋለሁ። መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከካርድና ከኤክሴል ወደ ኦንላይን ካታሎግ ስንሸጋገር የሰው ምደባውን ያስተባበርኩት እኔ ነኝ። መፈለጊያው ተማሪ የሚያምነው ወይም ትቶት የሚሄደው ነገር የሚሆነው በምደባው እንደሆነ በዚያ ሥራ ውስጥ አይቻለሁ። ተመሳሳይ ኃላፊነት የተሰጣችሁ ሰዎች ከወዲሁ እንድትዘጋጁበት ያየሁትን ልንገራችሁ።

እኛ የመረጥነው ኮሃን ነው። ኮሃ በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ መሠራት የጀመረ፣ ጃንዋሪ 2000 ላይ ሥራ ላይ የዋለና ማንም የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅ ሊጭነው የሚችል የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። ነጻ መሆኑ እንደኛ ላለ ተቋም ትልቅ እፎይታ ነው። ግን የበላይ ኃላፊዎች «ነጻ ነው» ሲባሉ የበጀቱ ጉዳይ የተዘጋ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሐሳቡን ስታቀርቡ ገና በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ለፈቃድ የማይወጣው ገንዘብ ለሰው እንደሚወጣ በግልጽ ጻፉ። ዘግይታችሁ ብትጠይቁ «በነጻ ነው ብላችሁ አልነበረም ወይ?» ትባላላችሁ።

ከሁሉ በፊት የባለቤትነቱ ጉዳይ ይለይ። አይሲቲዎች «ሶፍትዌር ስለሆነ የኛ ነው» ይላሉ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ደግሞ «እኛ ኮምፒውተር አናውቅም፣ እነሱ ይያዙት» ይላሉ። እንዲህ ከተባባሉ ካታሎጉ ባለቤት አጥቶ ይቀራል። እኛ የተስማማነው ማሽኑና ኔትወርኩ የአይሲቲ፣ በውስጡ ያለው መረጃና አገልግሎቱ የቤተ መጻሕፍቱ እንዲሆን ነው። ሁለቱም ኃላፊዎች ፈርመውበት ግልባጩ ለአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ከአይሲቲ አንድ ባለሙያ በስሙ ተመደበልን፤ እሱ በሌለበት የሚተካውም ሰው እዚያው ደብዳቤ ላይ ተጠቀሰ። «አይሲቲ ይደግፋችኋል» የሚል ደብዳቤ አትቀበሉ። ቢሮ ስልክ አያነሣም፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው ነው።

ይህን ያህል የምወተውተው በመብራት የተነሣ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይነሣል፣ ገጹ ይከፈታል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ኮሃ ውስጥ ግን መዝገቡ የሚቀመጥበትና ፍለጋው የሚካሄድበት ቦታ ይለያያል። መጻሕፍቱን የሚመዘግበው ካታሎገር የጻፈው ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ ዜብራ የሚባለው የፍለጋ ሞተር ከዚያ እየወሰደ ማውጫ ይሠራል። ማውጫውን የሚያድሰው ፕሮግራም ከመቋረጡ በኋላ ሳይነሣ ከቀረ የድሮው መጽሐፍ ሁሉ ይገኛል፣ ከዚያ ወዲህ የተመዘገበው ግን አይገኝም። ካታሎገሯ «መዝግቤዋለሁ» ትላለች፣ ተማሪው «የለም» ይላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህ ነገር የስህተት መልእክት ስለማያወጣ ሰው ካልፈለገው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። በእኛ ዘንድ የጠዋቱ ፈረቃ ሰው በሩን ከፍቶ ኮምፒውተሮቹን ሲያበራ የመጀመሪያ ሥራው ትናንት ከሰዓት የተመዘገበ አንድ መጽሐፍ መፈለግ ነው። ካላገኘው በቀጥታ ለተመደበው ባለሙያ ይደውላል። ምንም የኮምፒውተር ዕውቀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ይህ የኔ ሥራ ነው የሚል ሰው ነው።

መጠባበቂያ ቅጂም እንደዚሁ ነው። ኮሃ በየሌሊቱ ራሱን ይገለብጣል፤ ነገር ግን ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ቅጂውን የሚያስቀምጠው እዚያው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ቢቃጠል ቅጂውም አብሮ ይሄዳል። ወደ ሌላ ሕንፃ የሚያወጣው ሰው ስሙ ይጻፍ፤ ቅጂው በእርግጥ የሚከፈት መሆኑንም አልፎ አልፎ ሌላ ማሽን ላይ ይሞክረው።

ወደ ካታሎግ ክፍሉ ልምጣ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነው።

ብዙ ቦታ የሚደረገው ምደባ ወጣቶቹን ወደ አዲሱ ሲስተም፣ አንጋፋዎቹን ወደ ጥረዛና ወደ ጋዜጣ ክፍል መላክ ነው። ወጣቶቹ ኮምፒውተር ስለሚችሉ ትክክል ይመስላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤቱን ከከፈተ ወዲህ በዘርፉ የተማረ ሰው እያደገ መጥቷል፤ እኛም ከኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተመረቁ ጎበዝ ልጆች ነበሩን። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ካርድ ሲጽፉ የኖሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ካታሎገር ነበሩ። መጀመሪያ የወጣው የምደባ ሠንጠረዥ ላይ የእሳቸው ስም አልነበረም። ተከራክሬ አስገባሁት፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ካደረግሁት ሁሉ ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ተማሪ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ለመፈለግ ሲተይብ ሥን ወይም ስን፣ ጽን ወይም ፅን፣ ሑን ወይም ሁን ወይም ኁን ሊመርጥ ይችላል። በእነዚህ ሦስት ፊደላት ብቻ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል፤ ቃሉን ገጥሞ ወይም ለይቶ መጻፉ ሲጨመርበት 24 ይሆናል። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሌላ ቃል ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ ስሪት 3.0 ከገባ ወዲህ አማርኛ ለመጻፍ አንቸገርም፤ ዩኒኮድ ግን ሐንና ሀን አንድ አያደርግልንም። የልጆቹ የመጀመሪያ ሐሳብ ተማሪዎች ትክክለኛውን አጻጻፍ እንዲጠቀሙ ማስታወቂያ መለጠፍ ነበር። ጋሼ ተቆጡ። «ልጆቼ፣ አንባቢው የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል። ፈተና ልትፈትኑት ነው ወይስ መጽሐፍ ልትሰጡት?» አሉ።

መፍትሔ ነበረው። ዜብራ አይ ሲ ዩ ከሚባለው የዩኒኮድ ቋት ጋር ሲሠራ ማውጫ ከመሥራቱ በፊት ፊደል የሚያመሳስል ደንብ ይቀበላል፤ የተማሪውን ጥያቄም በዚያው ደንብ ያሳልፈዋል። የአይሲቲው ባለሙያ ደንቡን እንዴት እንደሚጽፍ ያውቃል። ምን እንደሚጽፍ ግን አያውቅም። ሐ፣ ሀ፣ ኀ፤ ሠና ሰ፤ ዐና አ፤ ጸና ፀ፤ እነዚህን ማንም ይዘረዝራል። ሀና ሃ፣ አና ኣም አብረው መግባት እንዳለባቸው፣ «ቍጥር» እና «ቁጥር»፣ «ጐንደር» እና «ጎንደር» ካልተመሳሰሉ ከድሮዎቹ ኅትመቶች ብዙው ተደብቆ እንደሚቀር የተናገሩት ጋሼ ናቸው። አክለውም መመሳሰሉ በማውጫው ላይ ብቻ እንዲሆን፣ በመዝገቡ ላይ ርእሱ መጽሐፉ ላይ እንደታተመ እንዲቀመጥ አጥብቀው አዘዙ፤ የግዕዝ መጻሕፍትም ስላሉን በግዕዝ ሠረቀና ሰረቀ አንድ አይደሉምና። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ እየተናገሩ አንዱ እየጻፈ፣ ደንቡን አወጡት። ማውጫው እንደገና ተሠራ። ከዚያ ወዲያ ተማሪው በየትኛውም ሀ ቢጽፍ ያገኛል። ስለ ምደባ የምለው ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው፤ ይህንን ሥራ ከሁለቱ አንዳቸውም ለብቻቸው ሊሠሩት አይችሉም ነበር።

የደራሲ ስም ሌላው ነው። ከውጭ በተቀዳ የሥልጠና ጽሑፍ የተማረ ልጅ «አበበ ከበደ»ን «ከበደ፣ አበበ» ብሎ ያስገባል። ዓለም አቀፉ የካታሎግ ደንብ ራሱ የኢትዮጵያዊ ስም በራሱ ስም እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የካታሎግ መዝገብ ቅርጽ በሆነው በማርክ 21፣ የደራሲ ስም በሚገባበት የ100 መስክ የመጀመሪያ አመልካች 0 የሚሆነው ለዚሁ ነው፣ 1 የሚሆነው ለቤተሰብ ስም ነው። የአባት ስም አስቀድሞ የገባባቸው መዝገቦች አንድን ደራሲ ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንባቢውም የደራሲውን ሥራ ግማሹን ብቻ አይቶ ይሄዳል። ደጃዝማች፣ ብላቴን ጌታ፣ አለቃ፣ መምህር የሚሉት ማዕረጎችም የትኛው ከስሙ ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደሚተው የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ስለ አንድ ስም ስንጠራጠር ወጣቷን ካታሎገር ስድስት ኪሎ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ወደ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) እንልካት ነበር። በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የሚደረስ ነውና መሃል ከተማ መሆናችን ጠቅሞናል። ለዚህ የሚወጣው ግማሽ ቀን ከሥራ ሰዓቷ እንዲቆጠር አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ዓመተ ምሕረቱንም አትርሱ። መጽሐፉ ላይ 1965 ዓ.ም. ካለ ለአውሮፓውያኑ 1972 ወይም 1973 ነው። የሚታየው የኅትመት ዓመት እንደ መጽሐፉ ይቀመጥ፤ ሲስተሙ በዓመት የሚያጣራበት 008 የተባለው መስክ ላይ ግን የተቀየረው ዓመት ይግባ። አለበለዚያ በዓመት ገድቦ የሚፈልግ ተማሪ የአማርኛ መጽሐፎቻችንን በሙሉ 7 እና 8 ዓመት ያረጁ አድርጎ ያያቸዋል። በተለይ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ይህ ጎጂ ነው፤ አማካሪው የቅርብ ጊዜ ጥናት አምጣ ሲለው ተማሪው እዚሁ መደርደሪያ ላይ ያለውን ያልፈዋል።

የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ላይ ብዙ ሰው አትመድቡ። ዜድ 39.50 በሚባለው መንገድ ከአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተዘጋጀውን መዝገብ መገልበጥ ይቻላል፤ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ይበቃል። የአማርኛ መጽሐፍ በዚያ መንገድ ቢገኝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ርእሱ በላቲን ፊደል ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ የኛ ተማሪ ደግሞ እንዲያ አይፈልግም። እኛ የወሰንነው በ245 መስክ ላይ ርእሱን በፊደላችን ማስገባትና የላቲኑን በ246 ላይ እንደ አማራጭ ማቆየት ነው። በሥራ ክፍፍሉ ላይ እንግሊዝኛው ፈጣን፣ አማርኛው፣ ትግርኛው፣ አፋን ኦሮሞውና ግዕዙ ቀርፋፋ መሆኑን ለአለቆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። የወር ሪፖርት ላይ ቁጥር ብቻ ከተጠየቀ ሠራተኛው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል፣ የሀገራችን መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ይቀራሉ።

ስለ አንድ ፍርሃት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚያልፉት ጉዳይ ነው። መጻሕፍቱ በንብረት ገቢ ደረሰኝ (በሞዴል 19) ገቢ የሆኑ የመንግሥት ንብረት ናቸው። በየክፍሉ ያለ ሠራተኛ በስሙ ተረክቧቸዋል። ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ለማዞር እያንዳንዱ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ባርኮድ ሊለጠፍበት ነው፤ ይህ ማለት ቆጠራ ነው፤ ቆጠራ ማለት ደግሞ ካርድ ያለው፣ አካሉ የሌለ መጽሐፍ መታወቁ ነው። አንዱን ክፍል ለዓመታት የጠበቁ አንዲት እናት «ልጄ፣ ከኔ በፊት የጠፋውን ከደመወዜ ሊቆርጡ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሥራው ለምን እንደሚጓተት ገባኝ። ስንፍና አልነበረም፣ ኮምፒውተር መፍራትም አልነበረም። ከንብረት አስተዳደርና ከኦዲት ጋር ተነጋግረን፣ በዚህ ሽግግር ወቅት የሚገኝ ጉድለት ለብቻው በዝርዝር ተይዞ በኮሚቴ እንደሚታይ፣ በወቅቱ ተረካቢ ላይ በቀጥታ እንደማይጫን የሚገልጽ ደብዳቤ አወጣን። ደብዳቤው በተነበበ ማግሥት ሥራው ተለወጠ። ሠራተኞች ራሳቸው እየመጡ ለዓመታት የደበቁትን ጉድለት ያስመዘግቡ ጀመር። ያለዚህ ደብዳቤ ካታሎጋችሁ በሌሉ መጻሕፍት ይሞላል፤ ተማሪው መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ከተመለሰ ደግሞ ዳግመኛ አይፈልግም።

ለባርኮድ መለጠፍና ለመረጃ ማስገባት የኮንትራት ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። ክፍያው በመዝገብ ብዛት ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተቃወምኩ፣ አሁንም እቃወማለሁ። በብዛት የሚከፈለው ሰው የደራሲውን ስም አያጣራም፣ ሁለተኛውን ቅጂ እንደ አዲስ መጽሐፍ ይመዘግበዋል። በቀን ክፈሉ። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መድቡ፤ አንዱ መጽሐፉን ይዞ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ ግማሽ ቀን ላይ ይቀያየራሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ ሥራ ጥቂቱን በየቀኑ ቋሚ ካታሎገር ይይለት፣ ስህተቱም በዚያው ቀን ለጥንዱ ይነገር። ከወር በኋላ የተነገረ ስህተት በሺህ የሚቆጠር መዝገብ ውስጥ ተባዝቶ ይጠብቃችኋል። ለኮንትራት ሠራተኞች የመሰረዝ ፈቃድ አትስጡ፤ ኮሃ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ምን ማድረግ እንደሚችል አንድ በአንድ ለመወሰን ያስችላል፣ ተጠቀሙበት።

ፈቃድ ካነሣሁ፣ ሰርኩሌሽን (መጽሐፍ የሚሰጥበትና የሚመለስበት ክፍል) ላይ አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም መስጠት በየቦታው የማየው ልማድ ነው። ፈረቃ ሲለዋወጥ ይፈጥናል ይባላል። ግን መጽሐፍ ሳይመለስ «ተመልሷል» ተብሎ ቢመዘገብ ማን እንዳደረገው አይታወቅም፤ ጥርጣሬው ንጹሖቹ ላይ ሁሉ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ማለት ሠራተኛውን መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ብላችሁ ስታስረዷቸው ይቀበሉታል።

የፊት ጠረጴዛው ሰዎች ምደባ ከሁሉ ይበልጥ ችላ የሚባል ነው። ካታሎጉ ኦንላይን ስለሆነ ተማሪው በስልኩ ፈልጎ የመደርደሪያ ቁጥሩን (ኮል ነምበሩን) ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ አስረጂ አያስፈልግም የሚል ግምት አለ። እኛ ዘንድ የሆነው ሌላ ነው። ተማሪው ስልኩን ይዞ ይመጣና «አለ ይላል፣ ግን የት ነው?» ይላል። አዲስ ገቢው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ፊደልና ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ ማንም አላስተማረውም። ስለዚህ ከመፈለጊያ ኮምፒውተሮቹ አጠገብ፣ ከብድር መስጫው ተለይቶ፣ አንድ ሰው እንዲቀመጥ አደረግን። ሥራው ሦስት ነገር ነው፤ ማሳየት፣ እስከ መደርደሪያው አብሮ መሄድ፣ ተፈልጎ ያልተገኘውን በደብተር መጻፍ። ደብተሩ ላይ ተማሪው የተየበውን ቃል ልክ እንደተየበው ይጽፋል። በሳምንት አንድ ቀን ካታሎገሮቹና የፊት ጠረጴዛው ሰው ደብተሩን ይዘው ይቀመጣሉ። መጽሐፉ እያለን ያልተገኘ ከሆነ መዝገቡ ይታረማል፤ ከሌለን ለግዢ ክፍል ይተላለፋል። ጋሼ ያነሡት «ቍ» እና «ጐ» ላይ ያለው ችግር በሥራ ላይ የታየን በዚህ ደብተር ነው። ገንዘብ ያላወጣንበት፣ ካታሎጉን ግን ከሁሉ በላይ ያሻሻለ ነገር ነው።

ለዚህ ቦታ ትዕግሥተኛ ሰው ምረጡ፤ የኮምፒውተር ችሎታውን በጥቂት ቀን ታስተምሩታላችሁ፣ ጠባዩን ግን አትቀይሩትም። የምሽቱን ፈረቃም አስቡበት። ብዙ ተማሪ የሚመጣው ከክፍል በኋላ ሲሆን ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ደግሞ በ11 ሰዓት ይወጣሉ። ምሽት ላይ የሚቀሩት አዲሶቹ ይሆናሉ፣ ጥያቄው የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው። እኛ ነባሮቹ በተራ እንዲያመሹ ስንጠይቅ የተነሣው ተቃውሞ የክፍያ ብቻ አልነበረም፤ ሴት ሠራተኞች በ3 ሰዓት ከግቢ ወጥተው አራት ኪሎ ላይ የታክሲ ሰልፍ መቆም አለባቸው። ፈረቃው በ2 ሰዓት እንዲያልቅና ከዚያ በኋላ በግቢው አቅራቢያ የሚኖሩ እንዲረከቡ ሲደረግ ተስማሙ። የምደባ ሠንጠረዥ ስታወጡ የየሰዉን ሰፈር ጠይቁ።

ሥልጠናውን ከከተማ ውጭ፣ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ አዳራሽ ተከራይቶ ማድረግ የተለመደ ነው። ለሠራተኛው እረፍት ይሆናል፣ ያንን አልነፍገውም። ትምህርቱ የሚገባው ግን በራሱ ጠረጴዛ፣ በራሱ መጻሕፍት፣ ነገ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ነው። እኛ ጠዋት ጠዋት አገልግሎት ከመከፈቱ በፊት አጭር አጭር ትምህርት እየሰጠን ያንኑ ቀን አሠራናቸው። የሙከራ ዳታቤዝ ለብቻው ይኑራችሁ፤ ሰው እንዳያበላሽ ሳይፈራ እየነካካ ሲማር ይደፍራል።

መቼ እንደምትጀምሩ ከሰው ምደባው አይለይም። የተመራቂዎች ክሊራንስ ሰሞን አትጀምሩ። ያን ጊዜ ሰርኩሌሽን ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ የለውም፤ በአዲሱ ሲስተም ላይ አንድ ያልተመለሰ መጽሐፍ በስህተት ቢታይ የልጁ መመረቂያ ወረቀት ይያዛል፣ ወላጅ ይመጣል፣ ሠራተኛውም ወደ ድሮው መዝገብ ይሸሻል። የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ሳምንትም አይሆንም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር፣ ግፊያው ረገብ ባለበት ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ጀምሩ። ካርዱን ወዲያው አታንሡት፤ አዲስ ካርድ መጻፉን አቁሙ እንጂ የድሮው ሙሉ በሙሉ ተዛውሮ እስኪረጋገጥ መሳቢያው ባለበት ይቆይ።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰው ማቆየት ነው። ኮሃን በደንብ የያዘ ልጅ ከዩኒቨርሲቲው ደመወዝ የተሻለ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ያገኛል፣ ይሄዳልም፤ ልንፈርድበት አይገባም። ከሁለት አቅጣጫ ተዘጋጁ። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለተኛ ሰው ይኑር፤ ዋናው ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሁለተኛው በእርግጥ ይሥራ፣ ስልክ እየደወለ አይጠይቅ። የይለፍ ቃላቱ፣ የፊደል ማመሳሰያው ደንብ፣ የካታሎግ ውሳኔዎቻችሁ ሁሉ በጽሑፍ በአንድ ማኅደር ይቀመጡ። ጋሼ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ስለ ስሞችና ስለ ማዕረጎች የሚያውቁትን ወጣቷ ካታሎገር ከሥራቸው ተቀምጣ እንድትጽፍ ለይተን ጊዜ ሰጠናት፤ ያ ጽሑፍ ዛሬ አዲስ ገቢ ካታሎገር መጀመሪያ የሚሰጠው ሰነድ ነው።

ሁለተኛው፣ የሥራ መደብ ማስፈቀድ ነው። «የሲስተም ላይብረሪያን» የሚባል መደብ መዋቅሩ ላይ ከሌለ ሥራውን የሚሠራው ሰው በውክልና ነው የሚኖረው፤ የዕድገት ተስፋም አያይም። የሰው ሀብት ክፍሉ የሚጠይቀው የሥራ ዝርዝር ነውና ራሳችሁ ጻፉላቸው፤ ማውጫውን መከታተል፣ ቅጂውን ማውጣት፣ ፈቃድ መስጠትና መንሳት፣ ያልተገኙትን ደብተር መከታተል፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠን ብላችሁ በየቀኑና በየሳምንቱ ከሚወስደው ሰዓት ጋር አስቀምጡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄው የዕቅድ ዝግጅቱ ሳይዘጋ ጥርና የካቲት ላይ ይቅረብ፤ ሰኔ ላይ ከቀረበ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። የእኛ መደብ የተፈቀደው ከሥራ ዝርዝሩ ጋር የደብተሩን ገጾች ፎቶ ኮፒ አያይዘን ስናቀርብ ነው።